ራዲያተር ፍለጋ

(በራዲዮ የተነገረ፤ በዚያን ጊዜ ሰዓት አጥሮኝ ያስቀረሁት ጥቂት ነገር ተጨምሮበታል)

ታሪክ የተባለ እንደ ሆነ የአብዛኛው ሰው አሳብ ወዲያው ወደ ነገሥታት ዜና መዋዕልና ወደ ጦር ሜዳ ውሎ ይሄዳል። ይህም ስሕተት አይደለም። ነገር ግን ታሪክ በቤተ መንግሥትና በጦር ሜዳ ብቻ ተወስኖ የሚቀር አይደለም፤ በጋራዥም፣ በብረታ ብረት ተራም፣ በአሮጌ መኪና ኮፋኖ ሥርም ይገኛል። ዛሬ የማወጋችሁ ይህን የመሰለውን ታሪክ ሲሆን፣ ለንግግሬ ምክንያት የሆነኝም በምኖርበት በወሎ ሰፈር አንድ ጎረቤቴን ያጋጠማቸው ችግር ነው።

ወሎ ሰፈርን የማያውቅ የአዲስ አበባ ሰው አይገኝም። ከመስቀል አደባባይ ወደ ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ሲወርዱ ኦሎምፒያን አልፎ ያለው ነው። ወደ ጎተራ የሚወስደው የኢትዮ ቻይና ወዳጅነት መንገድም የሚነሣው ከዚሁ ነው። እንደ ጎፋ ሰፈር፣ እንደ ሌሎቹም የከተማችን ሰፈሮች፣ ስሙ ራሱ የሰዎችን አመጣጥ የሚናገር ነው። ዛሬ በዋናው መንገድ ዳር መስታወት የለበሱ ፎቆች ተሰልፈው ይታያሉ። ከፎቆቹ ጀርባ ባለው የውስጥ ለውስጥ መንገድ ግን በየማለዳው ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ የምትነሣ አንዲት አሮጌ ላንድሮቨር ፒክአፕ አለች። ባለ 109 ኢንች የምትባለው ዓይነት ናት፤ የተሠራችውም በ1957 ዓ.ም. ነው። ባለቤቷ ሰባ ዓመት ያለፋቸው አዛውንት ሲሆኑ፣ በ1978 ዓ.ም. በጨረታ ገዝተዋት ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ከዱከም ድርቆሽና ፍሩሽካ እየጫኑ በከተማው ለሚገኙ ላም አርቢዎች በማመላለስ ይተዳደሩባታል።

በመጋቢት ወር አንድ ቀን ከነጭነታቸው ሲመለሱ ቃሊቲ ላይ መኪናይቱ ፈላች። እንፋሎቱ በኮፋኖው ሥር ሲተን ረዳት ሆኖ የሚሠራው የልጅ ልጃቸው ቸኩሎ ወረደና የራዲያተሩን ክዳን በጨርቅ ይዞ ጠመዘዘው። ግፊት የነበረው ውሃ ተፈናጥሮ ክንዱን ከአንጓው እስከ ክርኑ ለበለበው። ማታ ልጠይቃቸው ብሄድ ልጁ ክንዱ ታሽጎ ተኝቷል፤ አዛውንቱም በረንዳ ላይ ተቀምጠው መኪናይቱን ያዩ ነበር።

«አባባ፣ እግዚአብሔር ይማረው፤ መኪናይቱስ ምን ሆነች?» ብላቸው፣ «ልጄ፣ ራዲያተሩ አልቋል ይሉኛል። ዛሬ ከሰዓት በኋላ አንድ ብረት ገዢ መጥቶ ሙሉዋን በኪሎ ልግዛዎት አለኝ። እኔም በዚህች መኪና አራት ልጅ አሳድጌ በሚዛን አላወጣትም ብዬ መለስሁት፤ ደግሞ ሌሊት እንቅልፍ እንቢ ሲለኝ ያን ሰው መመለሴን እንጃ እያልሁ ማሰቤ አይቀርም» አሉኝ።

እንግዲህ ፍለጋችን የጀመረው በዚህ ዓይነት ነው። ነገር ግን ስለ ፍለጋው ከመናገሬ በፊት ራዲያተር የተባለው ዕቃ ምን እንደ ሆነና ወደ አገራችንም እንዴት እንደ ገባ ጥቂት ማስረዳት ይገባኛል።

በሞተር ውስጥ ነዳጅ ሲቃጠል ከሚገኘው ሙቀት ጎማውን ወደ ማዞር የሚሄደው በጣም ጥቂቱ ነው። የቀረው ከፊሉ ከጢሱ ጋር ይወጣል፤ ሲሦ ያህሉ ደግሞ በሞተሩ ብረት ላይ ይቀራል። ይህን የቀረውን ሙቀት የሚያወጣለት ካላገኘ ሞተሩ በደቂቃዎች ውስጥ ይነክሳል። ስለዚህ ውሃ በሞተሩ ዙሪያ እየዞረ ሙቀቱን ተሸክሞ ወደ ፊት ይመጣል፤ በቀጫጭን ቱቦዎች ውስጥ ሲያልፍም ነፋስ ያቀዘቅዘዋል፤ ከዚያም ተመልሶ ይገባል። ይህን ቀላል የሚመስል ነገር ደኅና አድርጎ ለመሥራት ብዙ ዓመት ፈጅቷል። የመጀመሪያዎቹ መኪኖች ውሃቸውን እያፈሉ በእንፋሎት ያባክኑት ስለ ነበር ባለመኪናው በየመንገዱ ውሃ ሲቀዳ ይውል ነበር። መፍትሔውን ያገኘው ቪልሄልም ማይባህ የተባለው ጀርመናዊ መሐንዲስ ነው። በእኛ አቆጣጠር በ1893 ዓ.ም. በወጣችው በመጀመሪያይቱ መርሴዲስ ላይ 8,070 ጥቃቅን ቱቦዎች የተደረደሩበት፣ የንብ እንጀራ የሚመስል ራዲያተር ሠራላት። ውሃውም አነሰ፤ ክብደቱም ቀለለ። ዛሬ በየመኪናው አፍንጫ ላይ የምናየው ሁሉ የዚያ ልጅ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ከዚህ በኋላ ሰባት ዓመት ያህል ቆይቶ መኪና አዲስ አበባ ገባች። በ1900 ዓ.ም. ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ከጅቡቲ ተነሥቶ፣ መንገድ በሌለበት በረሃና ገደል አቋርጦ፣ አንዲት ሲድሌይ መኪና ለዳግማዊ ምኒልክ አመጣላቸው። በዚያው ዓመት ሆልትስ የተባለ ጀርመናዊም ናኬ የምትባለውን የአገሩን መኪና ይዞ መጣ። የምድር ባቡሩ ሐዲድ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. መሆኑን ያሰበ ሰው የእነዚያን ሰዎች ድካም ሊገምተው ይችላል። እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ግን ቤንዚኑን የት አገኙ የሚለው ሳይሆን በዚያ ሁሉ በረሃ ለሰውም፣ ለእንስሳም፣ ለመኪናይቱም የሚበቃ ውሃ እንዴት አገኙ የሚለው ነው።

እዚህ ላይ ስለ አገራችን አቀማመጥ አንድ ነገር መጨመር ያስፈልጋል። በባሕር ጠረፍ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ነው። አዲስ አበባ ግን ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ስለ ሆነች፣ አየሩ ስስ ነውና፣ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። በደሴ መንገድ ጣርማ በር ላይ ሲደርሱ ደግሞ ከዚያም ያነሰ ነው። ወይዛዝርት ሽሮ ቶሎ ፈልቶ ቶሎ የማይበስልበትን ምክንያት ከዚህ ሊረዱት ይችላሉ። ለሞተር ግን ይህ ትልቅ አደጋ ነው፤ ባሕር ዳርቻ ላይ ተሠርታ በ95 ዲግሪ በሰላም የምትሄድ መኪና እዚህ ስትደርስ በዚያው ሙቀት ትፈላለችና። ስለዚህ የራዲያተር ክዳን በጠንካራ ሞላ ግፊት እንዲይዝ ተደርጎ ይሠራል፤ ግፊቱ ሲጨምር የውሃው መፍያ ከ100 ዲግሪ በላይ ከፍ ይላል። ይህ ክዳን በደገኛ አገር ከቆላው ይልቅ የሚያስፈልግ ዕቃ መሆኑን አንባቢ ልብ ይበልልኝ፤ ኋላ እንመለስበታለንና።

መኪና በአገራችን በብዛት የታየው በ1928 ዓ.ም. ጠላት በወረረን ጊዜ ነው። ኢጣሊያኖች ለጦራቸው ስንቅና ጥይት ማመላለሻ ፊያትና ላንቻ የተባሉትን ከባድ ካሚዮኖች አመጡ። ከእነዚህም ውስጥ ፊያት 634 የተባለው ከቁጥሩ መጨረሻ የተነሣ «ትሬንታ ኳትሮ» ተብሎ በሕዝቡ ዘንድ እስከ ረጅም ዘመን ሲጠራ ኖሯል። የጣርማ በርን ተራራ ሸንቁረው ከግማሽ ኪሎ ሜትር በላይ የሆነውን ዋሻ ያወጡትም ለእነዚሁ ካሚዮኖች ብለው ነው። ወሎን ከሸዋ የሚያገናኘው ያ መንገድ ምን ያህል ራዲያተር እንዳፈላ የሚያውቁት ሾፌሮች ብቻ ናቸው።

ጠላት በ1933 ዓ.ም. ድል ሆኖ ሲወጣ ካሚዮኖቹም፣ ከባለሞያዎቹ ኢጣሊያኖችም ብዙዎቹ እዚሁ ቀሩ። ከእነርሱና ቀደም ብለው ከነበሩት አርመኖችና ግሪኮች ዘንድ ተቀጥረው ብሎን በማቀበልና ዕቃ በማጠብ የጀመሩ የአገራችን ልጆች ናቸው በኋላ ባለጋራዥ የሆኑት። ትምህርቱ የተላለፈው በመጽሐፍ ሳይሆን በእጅና በጆሮ ስለ ሆነ፣ ቃሉም ከነሙያው ተሻገረ። መኪና፣ ጎማ፣ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ፣ ባሌስትራ፣ ኮፋኖ፣ ላሜራ፣ ካቻቢቴ እያልን የምንጠራው ሁሉ ከኢጣሊያንኛ የተገኘ ነው። ጋራዥና ሾፌር ደግሞ ከፈረንሳይኛ ናቸው። ሾፌር ማለት በፈረንሳይኛ በመጀመሪያ ትርጉሙ «እሳት አንዳጅ» ማለት ነው፤ በእንፋሎት ዘመን ከቦይለሩ ሥር ከሰል ይጨምር የነበረው ሰው ስም ነበር። ስለዚህ መኪናው የፈላበት ሾፌር ስሙን በትክክል አግኝቶታል ለማለት ይቻላል። የቋንቋ ሊቃውንት እነዚህን ቃላት በግዕዝ እንተካቸው ሲሉ እሰማለሁ። አሳቡ መልካም ነው፤ ነገር ግን ቃሉ ከማን እጅ እንደ ተማርን የሚመሰክር ሰነድ ነውና፣ እኔ በበኩሌ ሰነዱ ባይቀደድ እወዳለሁ።

በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቁሞ መንገዶቹ መጠገን ሲጀምሩ፣ ከእንግሊዝ፣ ከአሜሪካ፣ ከጀርመን፣ ቆይቶም ከጃፓን ልዩ ልዩ መኪና ይገባ ጀመር። ላንድሮቨር በ1940 ዓ.ም. በአምስተርዳም ከተማ የታየች መኪና ናት። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በእንግሊዝ አገር ብረት ስላነሰ አካልዋን ከአሉሚኒየም ሠሩት፤ በዚህም ምክንያት የአሉሚኒየም አካልዋን ዝገት አይደፍረውም። በአገራችንም ፖሊሱም፣ ሐኪሙም፣ ቀያሹም መንገድ በሌለበት ይሄድባት ነበር። ራዲያተሯ ግን ከነሐስና ከመዳብ የተሠራ፣ በቆርቆሮና በእርሳስ የተበየደ ነው፤ ይኸውም ማናቸውም ባለሞያ በእሳት ፈትቶ መልሶ ሊገጥመው የሚችል ማለት ነው።

ከ1967 ዓ.ም. በኋላ ትልልቆቹ የንግድ ኩባንያዎች ሲወረሱና የውጭ ምንዛሪ ሲጠፋ፣ አዲስ መኪና ማግኘት ለብዙው ሰው የማይታሰብ ሆነ። ያን ጊዜ ነው እንግዲህ ያለውን መኪና ማኖር እንደ ግዴታ የተቆጠረው። መርካቶ ውስጥ ሱማሌ ተራ የአሮጌ መለዋወጫ አገር ሆነ፤ ምን አለሽ ተራም ሌላው የጣለውን ሁሉ ያነሣ ነበር። የዚህችው የላንድሮቨር ዝርያም በእንግሊዝ አገር መሠራቱ በ2008 ዓ.ም. ሲያበቃ፣ እኛ ዘንድ የቀሩት በሃምሳና በስድሳ ዓመት ዕድሜያቸው ጭነት ይጭኑ ነበር።

አሁን ወደ ጎረቤቴ ጉዳይ ልመለስ። በመጀመሪያ የሄድነው አዲስ ዕቃ ወደሚሸጥ አንድ ሱቅ ነበር። ሻጩ በትሕትና ተቀበለንና ዕቃው ከውጭ ታዝዞ እንደሚመጣ ነግሮን ዋጋውን በወረቀት ጽፎ ሰጠን። አዛውንቱ ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት፤ ከሱቁ እስክንወጣ ድረስም ምንም አልተናገሩ። መኪናይቱ በሦስት ወር ከምታስገባው ይበልጥ ነበር። በሻጩ መፍረድ አይገባም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ዕድሜያቸው በገፋ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጥሏል፤ ስለዚህ ያላት አሮጌ መኪና ይበልጥ ተፈላጊ ሆነች። በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን በተደረገ ጊዜም 57 ብር ያህል የነበረው አንድ የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ወጣ። ከባሕር ማዶ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ ከዚህ ጋር አብሮ መውጣቱ ግልጽ ነው። በነገራችን ላይ፣ በዚያው ዓመት በጥር ወር በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከተነገረ ወዲህ በየመንገዱ ያየናቸው የኤሌክትሪክ መኪኖች ራዲያተር የላቸውም የሚል ሰው ቢኖር ተሳስቷል፤ ለባትሪያቸውና ለሞተራቸው ማቀዝቀዣ የሚሆን ያላቸው ብዙዎች ናቸው።

በማግሥቱ ሱማሌ ተራ ወረድን። እኔ ሜትርና ወረቀት ይዤ ነበር፤ ምክንያቱም የራሷን ባናገኝ የሌላ መኪና ለማስማማት አስበን ነበርና። እንዲህ ያለ አሳብ ያለው አንባቢ ቢኖር ከመግዛቱ በፊት የሚለካውን ልንገረው፤ የመሐሉን ቁመትና ወርድ፣ ውፍረቱን፣ ማለት ቱቦው በስንት ረድፍ እንደ ተደረደረ፣ ውሃው የሚገባበትንና የሚወጣበትን አፍ ስፋትና በየትኛው ጎን እንደ ሆነ፣ ከማራገቢያውም ጋር የሚቀረውን ክፍተት። ከሁሉ የሚረሳው ይህ የመጨረሻው ነው፤ ማራገቢያው ነክቶት አዲሱን ራዲያተር በመጀመሪያው ቀን የበላበት ሰው አውቃለሁ። እኛም ብዙ አየን። ከትንንሽ የጭነት መኪኖች የወለቁ፣ መሐላቸው አሉሚኒየም ጫፋቸው ፕላስቲክ የሆኑ ነበሩ፤ ዋጋቸው ደኅና ነው፤ ነገር ግን ፕላስቲኩ የተሰነጠቀ እንደ ሆነ በእሳት የማይጠገን፣ ለድሮዎቹ ባለሞያዎች እጅ የማይታዘዝ ዕቃ ነው።

የላንድሮቨር የሆነውን የመዳብ ራዲያተር ጠይቀን አንድ ነጋዴ የመለሰልን ቃል አሁንም ከጆሮዬ አልወጣም። «ጋሼ፣ እሱን የሚያመጣልን የለም፤ መዳብ ስለ ሆነ ከመኪናው እንደ ወለቀ በኪሎ ይሸጣል» አለን። በዚህ ቃል ውስጥ የነገሩ ሁሉ ቁልፍ አለ። መዳብ ውድ ነው፤ አሮጌው ራዲያተር ለባለመኪናው ከሚያወጣው ይልቅ ለቀላጩ የሚያወጣው በልጦ ሲገኝ ከሚዛን የሚያስቀረው የለም። እንግዲህ ተፎካካሪያችን ሌላ ባለመኪና ሳይሆን የማቅለጫው ምድጃ ኖሯል። ይህን ከተረዳን በኋላ የምንፈልገውን ቦታ ለወጥን፤ ዕቃ ከሚሸጡት ትተን የሚመዘን መዳብ ወደሚከማችበት፣ ከዚያም አስቀድሞ ወደ ብየዳ ባለሞያው ሄድን።

ባለሞያው በአንድ ጠባብ ቆርቆሮ ቤት የሚሠሩ፣ ሥራውን በልጅነታቸው ከኢጣሊያናዊ ጌታ የተማሩ ሰው ናቸው። ራዲያተሩን አገላብጠው አዩና የላይኛውን የነሐስ ጋን በእሳት ፈትተው አነሡት። ውስጡ በኖራ የተለበጠ የጀበና ሆድ ይመስል ነበር። ከቱቦዎቹ ግማሽ የሚበልጡት ተደፍነዋል፤ ከፊሎቹን ዘመን ያመጣው የውሃ ጨው፣ ከፊሎቹን ደግሞ ያፈሰሰውን ሁሉ በብየዳ እየዘጋ የሄደ የቀድሞ ጠጋኝ ደፍኗቸዋል። በዓለም ሁሉ ያሉ ሾፌሮች ቀዳዳ ይደፍናል ብለው እንቁላል የሚጨምሩበት ልማድ እንዳላቸው ሰምቼ ነበር፤ ባለሞያውን ብጠይቃቸው ሳቁና «የእርስዎ ጎረቤት ይህን አላደረጉም፤ የወንዝ ውሃ ነው የፈጀው» አሉኝ። ጎረቤቴም ባንገታቸው ነቀነቁ፤ ሠላሳና አርባ ዓመት ሙሉ ከየመንገዱ ጅረት ሲቀዱ ኖረዋልና።

«ጋኖቹ ከላይና ከታች ደኅና ናቸው፤ የሞተው መሐሉ ነው። መሐል አምጡልኝ» አሉን ባለሞያው፤ የሚፈልጉትንም የቱቦ ዓይነት በጣታቸው አሳዩን። ምን አለሽ ተራ ከአንድ ትልቅ አሮጌ ካሚዮን የወለቀ የመዳብ ራዲያተር ሊመዘን ተጥሎ አገኘን። ሻጩ ማን እንደምንሆን አልጠየቀም፤ እኛም አልተከራከርንም፤ ቀላጩ ይሰጠው በነበረው ዋጋ ላይ ጥቂት ጨምረን ወሰድነው። ባለሞያውም ትልቁን ቆርጠው፣ ቱቦዎቹን በልኩ አሳጥረው፣ በላንድሮቨሯ ጋኖች መካከል አንድ በአንድ በየዷቸው። ሁለት ቀን ፈጀ። የአሲዱና የእርሳሱ ጢስ ቤቱን ሞልቶት ስለ ነበር እኔ ከደጅ ቆሜ አየሁ፤ እኒያ ሰው ግን ለብዙ ዘመን ያን ሲተነፍሱ መኖራቸውን ሳስብ አዘንሁ። በር እንኳ ከፍተው ቢሠሩ ብዬ ብናገር፣ ነፋስ ብየዳውን ያበላሸዋል ብለው መለሱልኝ።

ሥራው ሲያልቅ አፎቹን በጎማ ደፍነው በውሃ በተሞላ በርሜል ውስጥ አጠለቁትና በብስክሌት መንፊያ አየር ሰጡት። ከአንድ ጥግ ሦስት አረፋ ወጣ። አውጥተው እንደገና በየዱት፤ ሁለተኛ ሲያጠልቁት ውሃው ጸጥ አለ።

ከዚህ በኋላ ጉዳዩ አበቃ ብለን ስንነሣ ባለሞያው «ክዳኑስ?» አሉ። አሮጌውን ክዳን ተቀብለው በአውራ ጣታቸው ቢጫኑት ሞላው ያለ ምንም ትግል ወረደ፤ ጎማውም እንደ ቅርፊት ደርቆ ነበር። ይህ ክዳን ግፊት ስለማይዝ፣ ውሃው ከቱቦዎቹ መደፈን በላይ ከፍታው ሲያፈላው ኖሯል ማለት ነው። የፈላው ውሃ ሁሉ በእንፋሎት ይወጣል፤ በጎደለው ምትክ የወንዝ ውሃ ይጨመራል፤ ያም ጨው ይዞ ይገባል፤ ቱቦውም ይደፈናል። ከሁሉ ያነሰ ዋጋ ያለው ዕቃ ነው እንግዲህ ነገሩን የጀመረው። አዲስ ክዳን ተገዛ፤ የተጣራ ውሃም ከማይበርድና ከማይዝግ ፈሳሽ ጋር ተቀላቅሎ ተሞላ። ለመሐሉ፣ ለብየዳውና ለክዳኑ ሁሉ የወጣው በዚያ ወረቀት ላይ ከተጻፈው ሲሶውን አልሞላም።

ለመፈተን ወደ እንጦጦ ወጣን። ጎረቤቴ ራሳቸው ይነዱ ነበር፤ እኔ ከጎናቸው፣ የልጅ ልጃቸው ክንዱ እንደ ታሸገ ጀሪካን በጭኖቹ መካከል ይዞ ከዳር ተቀመጠ። በዳገቱ አጋማሽ ላይ የሙቀቱ መርፌ ከመሐል ትንሽ አለፈና ቆመ። ከአናቱ ደርሰን ሞተሩን ሳያጠፉ ወረዱ፤ ኮፋኖውን ከፍተው ክዳኑን ሳይነኩ መዳፋቸውን ወደ ላይኛው ጋን ጎን አስጠጉ፤ እንደ ታመመ ልጅ ግንባርም ጥቂት ቆዩበት። ልጁ ጀሪካኑን ሊያወርድ ቢነሣ «ተወው፣ ተቀመጥ» አሉት። በማግሥቱ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ የላንድሮቨሯን ድምፅ ከአልጋዬ ሆኜ ሰማሁ፤ ወደ ዱከም መሄዷ ነበር። ማታ ስትመለስም ጀሪካኑ እንደ ሞላ ነበረ።